በፊልም ሙት ላይ የወረደ ሙሾ

ደሴ ላይ፣ አንድ መምህር ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ መስኮት ዘግተን ካሴት እየሰማን ነበር። ያን ጊዜ ፈቃድ የሌለው ካሴት መስማት ያስጠይቃል፤ ስለዚህ በሩ ይቀረቀራል፣ የቴፑ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ አንድ ሰው ደጅ ተቀምጦ ጫማውን የሚጠርግ መስሎ ይጠብቃል። ካሴቱ ስም የለውም፣ ዘፋኝም የለውም። ከአዲስ አበባ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጠ የመጣ ነው። "እንዲህ ያለ ሙዚቃ ባገራችን ተሰምቶ አያውቅም፤ ነይና ስሚ" ተብዬ ነው የሄድኩት። እኔም ወጣ ያለ ሙዚቃ ነፍሴ ነበርና እየሮጥኩ ሄድኩ።

መጀመሪያ ውሃ ሲንጠባጠብ ተሰማ። ጠብ፣ ጠብ። ቀጥሎ የድንጋይ ደወል፣ ቀጥሎ የሞተር ጉርምርምታ። ከሞተሩ ሥር የአንዲት ሴት ድምፅ ብቅ ሲል የሻይ ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥኩ። ድምፅዋን አዘግይተውት ወፍሯል፤ በራሱ ላይ ደራርበውት አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል። ቢሆንም አልጠፋኝም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አንዱ ጎረምሳ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ፣ "ይህቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ጥበበኛ ናት! የት ነው የተማረችው?" አለ። "ትወና ነው እንጂ" አለ ሌላው፣ "እንዲህ አድርጎ ከልቡ የሚያለቅስ ሰው የለም።"

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ካሴቱን ከቴፑ መንጭቄ አወጣሁና ክሩን እየጎተትኩ እበጣጥሰው ጀመር። "አበድሽ እንዴ?" አለኝ መምህሩ። "አዎ አብጃለሁ! ሴትዮዋ ልጇን እያለቀሰች እናንተ ራስ ትነቀንቃላችሁ!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ውጭ እንዳይሰማ አፌን ለማፈን ሦስት ሆነው ተረባረቡብኝ። አንደኛው ቀስ ብሎ፣ "ምን ያስቆጣሻል፣ ሌላ ቅጂ አለን እኮ" አለኝ። ያን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ግን እነሱ አያውቁም ነበር፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። ንዴቴን ሁሉ እነሱ ላይ ባራግፍ ውሸታም እሆናለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገረው።

ላሊበላ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴ ግን ይነበባል፣ ለዚያ ወንበር እሱ ይበቃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኪነት ቡድን ውስጥ እዘፍናለሁ። እናቴ እኔን በወለደች በወሩ ስትሞት የአባቴ እህት አንስታ፣ ከራሷ ልጅ ጋር በአንድ ጡት አሳደገችን። ስለዚህ ልጇን የአክስት ልጅ ብዬ አላውቅም፤ ወንድሜ ነው። ሚሊሺያ ብለው ወደ ሰሜን ሲወስዱት ጢሙ ገና አላቀመቀመም ነበር። ሲሄድ ለእናቱ ብቻ ሳይሆን ለላሟም "ደህና ሁኚ" ብሎ፣ እኔ እስክፈርስ ስቄበታለሁ።

አክስቴ አልቃሽ ናት። ለማያውቅ ሰው፦ ሰው ሲሞት ሙሾውን የምታወጣ፣ ሟቹን በሙያው፣ በመልኩ፣ ባጎደለው ጎጆ ሁሉ የምታነሳ ሴት ማለት ነው፤ ሌሎቹ ተቀብለው ደረት ይደቃሉ። እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በበቅሎ ይወስዷት ነበር። ልጇ የሄደ ለት ግን አፏን ዘጋች። "ልጄ መንገድ ላይ እያለ ሙሾ አላወጣም፤ ሟርት ነው" አለች፣ በቃ። የግድግዳ ጎረቤቷ ባል ሲሞት እንኳ ጥግ ይዛ እንባዋን ጠረገች እንጂ አንድ ስንኝ አልወጣትም። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም "ነይ አልቅሺልን" ብሏት አያውቅም።

አንድ ቀን ፖስታ መጣ። ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝ። የወረዳችን የስድስት ሚሊሺያዎች ስም ተጽፎ "በክብር የተሰዉ" ይላል። አራተኛው ወንድሜ ነው። ስሙን ከነአያቱ አነበብኩት፤ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት። የቀበሌው ካድሬ ከኋላዬ መጥቶ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። "አሁን ምልመላ ላይ ነን" አለኝ። "ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ፣ አንቺ ደግሞ ትገቢያለሽ።" የት እንደምገባ አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገው። ሲናገር ፈገግ እያለ ነበር፤ ያቺን ፈገግታ ዛሬ ባገኛት በጥፊ ነበር የማጠፋት።

ያን ምሽት አክስቴ ቤት ራት በላሁ። አልነገርኳትም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልነገርኳትም። "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ። ውሸት ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ነቅዟል። መርዶ እኮ በኛ አገር ወግ አለው፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ይነገራል። ካልተነገረ ለቅሶ የለም። ለቅሶ ከሌለ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም። ወንድሜን ከሰውም ከእግዜርም ደጅ አቁሜው፣ ቢሮ ገብቼ ለዚያ ካድሬ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ደመወዜንም እቀበላለሁ።

እንግዲህ ፊልሙ። ፊልም የሚመጣልን በላንድሮቨር ነው፣ መንገዱ ሲደርቅ። ፊልም ስል ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ነው። የውጭ አገር የጦርነት ፊልም፣ በረዶ በበረዶ የሆነ። የድምፁ ነገር ተበላሽቶ ድዳ ሆኗል፤ የመጨረሻው ጥቅልል ደግሞ የት እንደጠፋ አይታወቅም፤ ስለዚህ ወታደሮቹ ሮጠው ድልድዩ ጫፍ ሲደርሱ ፊልሙ የሚታይበት አቡጄዲ ነጭ ይሆንና ያልቃል። የኛ ሰው አበደበት። በየጊዜው ያንኑ ፊልም ሊያይ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ወታደር ስም አውጥቶለታል፤ አንዱ "ባለ ቆቡ"፣ አንዱ "ሲጋራው"፣ ያ መሐል ላይ የሚሞተው ልጅ እግር ደግሞ "ቀጮ" ነው። ገበያ ላይ "ተሻግረዋል!" "ምን ተሻገሩ፣ ወንዙ ሞልቶ!" እየተባባሉ ሊደባደቡ ይደርሳሉ። አንድ ገበሬ ኮን ከተማ ላይ አይቶት መኪናውን ተከትሎ በእግሩ ላሊበላ ድረስ መጣ፤ "ምናልባት እዚህ ይሻገሩ እንደሁ" ብሎ። አንድ ቄስ ነበሩ፣ "የሰይጣን መስታወት" እያሉ የሚቆጡ። ፊልሙ ሲጀመር በሩ ላይ ይቆማሉ። "ምነው አባ?" ሲሏቸው "አህያዬ ጠፍታብኝ ነው" ይላሉ። አህያቸው በየፊልሙ ትጠፋለች።

ማታ ሰዓት እላፊ ስላለ የሚታየው በቀን ነው፣ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ። መስኮቶቹን በቁርበትና በጋቢ እንወትፋለን፣ አቡጄዲ እንወጥራለን። ፊልሙ ድዳ ስለሆነ ድምፁ እኔ ነበርኩ። ካድሬው የጻፈልኝን ይዤ ከአቡጄዲው ጎን ቆሜ በሜጋፎን እናገራለሁ፤ "ይህ ጭቁን ሕዝብ ነው፣ ያ ወራሪ ነው" እያልኩ። ቀጮ ሲወድቅ የምለው፣ "ጀግና አይሞትም! በድሉ ውስጥ ለዘላለም ይኖራል!" የሚል ነው። ፖስታው ከመምጣቱ በፊት ይህን ስል ደስ ይለኝ ነበር፤ ድምፄ አዳራሹን ሲሞላው እኮራለሁ። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ያሳፍራል፤ ይሁን።

ፊልሙን የሚያሳየው ኦፕሬተር ሾፌርም እሱ ነው፤ ድሮ አዲስ አበባ በአንድ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን የሚጫወት፣ በኋላ አፉ አላርፍ ብሎ ወደ ክፍለ ሀገር የተወረወረ ሰው። ሁለት ቴፕ አለው። በአንዱ ይቀዳል፤ ያንን እያጫወተ፣ ሌላ ድምፅ እየጨመረበት፣ በሁለተኛው እንደገና ይቀዳል፤ እንዲህ እያለ ይደራርበዋል። ነአኩቶ ለአብ ሄዶ ከዋሻው ጣራ ጠበሉ ወደ ድንጋዩ ገበታ ሲንጠባጠብ ቀድቷል። የድንጋይ ደወል ቀድቷል። የገዛ ጄኔሬተሩን፣ የፕሮጀክተሩን ቅጭልጭልታ፣ የበግ ነጋዴ ጭቅጭቅ ሳይቀር ቀድቷል። ይህን ይዞ ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሄድ ምን ብለው ይከለክሉታል? ግጥም እንኳ የለውም። ግን ያልገባቸውን ሁሉ ይከለክሉ ነበር፤ ስለዚህ ካሴቶቹን ከወንበሩ ሥር ይደብቃቸዋል።

ላንድሮቨሩ ውስጥ መስታወት ዘግተን እንሰማ ነበር። የኪነቱን "ወደፊት፣ ወደፊት" ስጮህ ለዋለው ጉሮሮዬ ዕረፍት ነበር፤ ያ ድምፅ ማንንም አያዝም፣ እጅ አውጡ አይልም። ወደድኩት። ሙዚቃውን ነው የምለው፤ ሰውየውንም ትንሽ ብትሉ አልክድም። አንድ ቀን፣ "የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ያልተዘጋጀ የሰው ድምፅ" አለኝ። "አክስቴን ብትሰማት ጉድ ትል ነበር" አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ያ የመጨረሻው ጊዜ መኪናው የመጣው ለምልመላው ነው። ከየቤቱ ሰው ካልመጣ ከቀበሌው ሱቅ ሳሙና የለም ተባለ። አክስቴ ፊልም አይታ አታውቅም። "የሰው ጥላ ምን ሊፈይድልኝ" ነበር የምትለው። ለሳሙና ብላ መጣች። ጣት በምታህል ቁራጭ ሳሙና ሰው እንደሚነዱ አስቡት! ከፊት፣ ከሴቶቹ መሐል መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ሜጋፎን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ቴፑ ፕሮጀክተሩ ሥር ተቀምጧል።

ቀጮ የሚወድቅበት ደረሰ። ሌላ ጊዜ ሰው እዚያ ላይ "ጎንበስ በል ብዬህ!" እያለ ይቆጣዋል፤ ለምዶታላ። ያን ቀን ልጁ ወደቀ፣ በረዶው ፊቱን ይሸፍነው ጀመር፤ እኔም ሜጋፎኑን አንስቼ "ጀግና አይሞትም!" አልኩ። ከእግሬ ሥር፣ ያ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ወጣ፤

የማን ልጅ ነህ አንተ ከበረዶ የተኛህ፣
እናትህ አልሰማች፣ እኔ ላልቅስልህ።

 ከዚያ ሴቶቹ በጨለማው ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ ይታየኛል። ገብቷቸዋል። ሬሳ ተዘርግቶ ማንም ሳያለቅስለት የሚያልፍበት አገር የላስታ ሰው አያውቅም፤ ያ የነጭ ልጅ ደግሞ ስንት ጊዜ ሲሞት ዝም ብለውት ኖረዋል፤ ዕዳ ነበረባቸው። ከዚያ በላይ ግን እሷ አፏን ከፈተች ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ከካድሬው በቀር የማያውቅ አልነበረም። "ወይ ወይ ወይ" ብለው ተቀበሏት። ደረት ተደቃ። ወንዶቹ ቆመው ጋቢያቸውን አወረዱ፤ አህያቸው የጠፋቸው ቄስ ገብተው "እግዚኦ" ማለት ጀመሩ። እሷም ቀጠለች፤

ስጪን አሉኝና ልጄን ሰጠኋቸው፣
መልሱልኝ ብላቸው ጠፋ አንደበታቸው።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሮጬ አላቀፍኳትም። አብሬያት አላለቀስኩም። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቴፑ ነው። ቀይዋ መብራት በርታለች ወይ? በርታለች። "ተመስገን" አልኩ በሆዴ። አይ እኔ! ወንድሜን የማውቅ፣ ሞቱን የማውቅ፣ ሙሾውን ቴፕ ስለያዘው ተመስገን ያልኩ እኔ ነኝ። ደሴ ላይ ያን ካሴት ስበጣጥስ የነበረው ያቺን "ተመስገን" ፍለጋ ነው።

"አጥፋ! አጥፋ!" ብሎ ካድሬው ጮኸ። ኦፕሬተሩ ፕሮጀክተሩን አጠፋ፣ ቴፑን አላጠፋም። ቁርበቱ ከመስኮት ወርዶ ብርሃን ሲገባ ሰው ይበተናል ስንል ሽማግሌዎቹ ወደ ኦፕሬተሩ ተሰለፉ። "እግዜር ያጥናህ ልጄ።" "ነፍሱን ይማር።" ሙታኑን ይዞ የመጣው እሱ ስለሆነ ዘመዳቸው እሱ ነው፤ በሩቅ አገር የሞተ ሰው ሌላ ማን አለው? ያ የኮኑ ገበሬ ጠጋ ብሎ፣ "ለመሆኑ አርባው ደርሷል?" አለው። ኦፕሬተሩ ጎንበስ ጎንበስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ ተሸክማ መጥታ ላንድሮቨሩ በር ላይ አስቀመጠች፤ እዝን መሆኑ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እየሳቅኩ ነበር የምሞተው።

ካድሬው ይህን ሁሉ ፌዝ ነው ብሎ ያዘው። "የታቀደ ነው" አለ። የሰው ሐዘን አይገባውም፤ ሴራ ብቻ ነው የሚገባው! አክስቴን በጣቱ ጠርቶ "አንቺ! ነይ ወዲህ!" አላት። ቄሱ ሳይቀሩ "እርስዎ" የሚሏትን ሴት፣ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ፣ "አንቺ"።

"ማንን ነው ያለቀስሽው?"

"ያን የተኛውን ልጅ።"

"እሱ ፊልም ነው! ተዋናይ ነው!"

"እናት የለውም?"

"መልሱልኝ ያልሽውስ? ማን ነው የወሰደብሽ?"

 ከቀበሌው ጀርባ እህል የሚቀመጥበት መጋዘን ነበር፤ እዚያ ቆለፉባት።

ወደ ኦፕሬተሩ ሮጥኩ። "በሌላም አገር እንዲህ ይደረጋል በል፤ አላዋቂነት ነው በል፤ ያሻህን በል፣ ብቻ አንድ ቃል ተናገር" አልኩት። እሱ ካሴቱን በእርሳስ እያጠነጠነ ነበር። "እኔ ራሴ በዓይን የምጠበቅ ሰው ነኝ፤ ምን ሰሚ አለኝ?" አለኝ። በማግስቱ ማለዳ ሄደ፤ የእዝኑን ዳቦ ስንቅ አድርጎ፣ ካሴቱን ከወንበሩ ሥር አድርጎ። ፈሪ በመሆኑ አይደለም የምናደደው፤ እኔም ፈሪ ነበርኩ። ሞተሩን እያስነሳ፣ "እንዴት ያለ ድምፅ ነው፣ እንዴት ያለ ድምፅ!" አለኝ። ስለ አክስቴ ያለው ይህንኑ ነው። እንደታሰረች የጠፋው ይመስል!

በሦስተኛው ቀን ካድሬው አስቀምጦ እየነገረኝ ጻፍኩ። "ልጄ በሕይወት አለ፤ በግዳጁ ላይ ይገኛል። እኔ ግን ባለማወቅ፣ በአድኃሪ ልማድ ተገፋፍቼ ሰላም አደፍርሻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ" ይላል። "አንብቢላትና አስፈርሚያት" አለኝ። "ካልፈረመች አውራጃ ትሄዳለች።" አውራጃ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። መሳቢያው ከጉልበቱ አጠገብ ነው፤ የወንድሜ ስም እዚያ ውስጥ ተኝቷል። እጄ ግን "በሕይወት አለ" የሚለውን አሳምሮ ጻፈው።

መጋዘኑ ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀትር ነው፣ ዘቡ በሩ ላይ ሽንኩርት ይልጣል። "ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ?" አለችኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ "ልጄ..." አልኩና ከዚያ አላልፍ አልኩ። በሜጋፎን አገር የማንቀጠቅጠው እኔ!

"እትዬ" አልኳት፣ "አንድ ነገር አለ..."

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ድሮ ስትመጪ፣ ገና ከበር፣ 'ዛሬም ደብዳቤ የለም እትዬ' ትዪኝ ነበር። ከሦስት ወር ወዲህ ስለ ዝናቡ ታወሪያለሽ፣ ስለ ላሟ ታወሪያለሽ። አንቺን እንዳላስጨንቅ ብዬ መጠየቁን ተውኩት።"

ሦስት ወር እኔ እሷን የምጠብቅ መስሎኝ፣ እሷ ናት እኔን ስትጠብቅ የኖረች። ምን ልበል? "ካወቅሽ ለምን አላለቀስሽም?" አልኳት፤ እኔው በዳይ፣ እኔው ተቆጪ።

"ማወቅና መነገር አንድ ነው? ያልነገሩኝን ልጅ በገዛ አፌ ልግደለው? ያን የበረዶውን ልጅ ሳይ አመለጠኝ እንጂ" አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰው እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። "በይ ንገሪኝ። ሽማግሌ የለም፣ ዘመድ የለም፤ አንቺ ትበቂያለሽ።"

ተንበረከክሁ። "እግዜር ያጥናሽ እትዬ" አልኳት። "ወንድሜ ሞቷል።"

"ቀኑ ተጽፏል?"

"ተጽፏል። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው።"

በጣቷ ቆጠረች። "አርባው አለፈው፣ መንፈቁም አለፈው። ሙት ዓመቱ ግን ይደርስልኛል" አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ወተፈችው። ዘቡ አጠገብ ነው። ላስታ ሁሉ በበቅሎ ይወስዳት የነበረች ሴት፣ የገዛ ልጇን ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰችው። ትከሻዋ ብቻ ይወዛወዛል። ያን ለቅሶ ማንም ቴፕ አልቀዳውም፤ ማንም "አዲስ ሙዚቃ" ብሎ አይሰማውም፤ በዚህ ብቻ ደስ ይለኛል።

"አላለቀም?" አለ ዘቡ ከውጭ።

ነጠላውን ከአፏ አወጣች፤ እኔም ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩላትና ፈርሚ መባሏን ነገርኳት። "ባልፈርም ስንት ጊዜ ያቆዩኛል?"

"አይታወቅም እትዬ።"

"እንግዲያ ተዝካሩን ማን ያወጣለታል?" አለች። ወረቀቱን በጣቷ ነክታ፣ "በሕይወት አለ ነው አይደል የሚለው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ጽሕፈቱ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው።"

አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ቀለሙን ቀባሁና "ልጄ በሕይወት አለ" ከሚለው ሥር፣ እኔው ራሴ ጣቷን ይዤ ጫንኩት።